ጉዳይ የሌላቸው ሰዎች ድልድይ

ስሟን ብንጠራት «እኔ አውቃታለሁ» የሚል አይጠፋምና የዚያች አገር ስም ይቅር። ወንዝ ለሁለት የከፈላት፣ ሕዝቧ ሳቅ የሚወድ፣ ሹሞቿ ደግሞ ሥርዓት የሚወዱ አገር ነበረች እንበል። በዚያች አገር ትልቁም ትንሹም ነገር የሚወሰነው በሸንጎ ነበር። የውኃ ሸንጎ ነበረ፤ የገበያ ሸንጎ ነበረ፤ የድልድይ ሸንጎ ነበረ፤ የውሻ ጩኸት ሸንጎ እንኳ ሳይቀር ነበረ። በየሸንጎው አምስት አምስት በርጩማ ይደረደራል። በርጩማው ላይ የሚቀመጠው ሰው ደሞዝ የለውም፤ በገዛ ፈቃዱ፣ ለአገሩ ብሎ የሚያገለግል ነው።

ሐሳቡ ግሩም ነበር። አገሩን ያቀኑት አባቶችና እናቶች ሲያወጡት ክፉ አላሰቡም። ነገሩ የተበላሸው ከእነሱ በኋላ የመጡት ሹሞች ሥርዓቱን እያጠበቁ እያጠበቁ ሲሄዱ ነው። መጀመሪያ «በሸንጎ የሚቀመጥ ሰው የራሱን ጥቅም የሚያሳድድ አይሁን» ተባለ፤ ይህን ማን ይቃወማል? ቀጥሎ «የሚያሳድድ» የሚለው ቀረና «ጥቅም ያለው አይሁን» ተባለ። በመጨረሻ «ምንም ዓይነት ጉዳይ ያለው አይሁን» ተብሎ ተደመደመ። ከዚያ ወዲህ ማሳው የደረቀበት ገበሬ የውኃ ሸንጎ ላይ መቀመጥ አልቻለም፤ ባለጉዳይ ነዋ! የውኃ ሸንጎው አለት ላይ ቤት የሠሩ፣ በዕድሜያቸው አንዲት ጎመን ተክለው የማያውቁ ሰዎች ሰፈር ሆነ። የጋብቻ ሸንጎው በላጤዎች ተሞላ። የፀጉር ሥራ ሸንጎውን የሚመራው ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የሌለችው ሰው ነበር፤ እሱም በገለልተኝነቱ በአገር የታወቀ፣ የተከበረ ሰው ነው።

ታዲያ ጉዳይ የሌለው ሰው ምን ቆርጦት ይመጣል? አልመጣም። በርጩማዎቹ አቧራ ለበሱ። ስለዚህ ሰው እየፈለገ በርጩማ የሚሞላ ሹም ተሾመ፤ ማዕረጉም «አስቀማጭ» ተባለ። የአስቀማጭ ሥራ እንዳይከብድ አንድ ድንጋጌ ወጣ፦ በሸንጎ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ፈቅዷል ማለት ነው። እንዴት ተቀመጠ፣ ለምን ተቀመጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተቀምጧል፤ ፈቅዷል፤ አለቀ።

ይህ ድንጋጌ በወጣ ማግስት ሕዝቡ መቀመጥ ተወ። በየዓመቱ ከክረምት በፊት የሹመት ወር ሲገባ ለቅሶ ቤት ሰው ቆሞ ያለቅሳል፤ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ቆመው ይበላሉ፤ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ተደግፈው እንደ ሽመላ በአንድ እግር እያረፉ ያስታርቃሉ። የሸንጎ በርጩማ እግሩ ቀይ ቀለም ስለተቀባ፣ ሰው በገዛ ቤቱ እንኳ ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ የበርጩማውን እግር ያያል። በሹመት ወር የዚያ አገር ሰው ወገቡ ጠንካራ፣ ጉልበቱ ግን የደከመ ነበር።

የዚህ ታሪክ ባለቤት አስቀማጭ ሞገሴ ነው። ሞገሴ ሥራውን ይወዳል። ጉልበቱ የዛለ ሰው ከሩቅ ይሸተዋል። ቀዩን በርጩማ ከጋቢው ሥር ሸጉጦ ከሰውዬው ኋላ ይቆማል፤ ሰውዬው በደከመው ሰዓት ቀስ አድርጎ ያስጠጋለታል፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ይወቅ። ማንንም ገፍቶ አያውቅም፣ በዚህም ይኮራል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ስንዱ ትባላለች፤ ከወንዙ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። ሞገሴ ግን ልጁን ሊጠይቅ ማዶ ተሻግሮ አያውቅም። አስቀማጭ ሆኜ ድልድይ ላይ ብታይ «ወገነ» ብለው ያሙኛል ብሎ ይፈራል። በየገበያው ቀን እሷ ነበረች የምትመጣው፤ ሆዷ ሲገፋ ቀረች።

አንድ ቀን ጧት ሞገሴ በር ላይ አንዲት ሴት መጡ። እትዬ አልጣሽ ናቸው፤ የወዲህም የወዲያም ማዶ አዋላጅ።

«አንተ ሞገሴ፣ የድልድዩ ሸንጎ አንድ ሰው ጎድሎታል አሉ። እኔ ልቀመጥ።»

ሞገሴ አስቀማጭ ከሆነ ጀምሮ በገዛ እግሩ የመጣለት ሰው አልነበረም። «በፈቃድዎ?» አለ።

«አይ፣ በፈቃድህ! በፈቃዴ ነው እንጂ!»

ደስታው ቅጥ አጣ። ቶሎ ብሎ በርጩማውን ሊያቀርብ ጎንበስ ካለ በኋላ ሥርዓቱ ትዝ አለውና ተመልሶ ቀና አለ። «ለወጉ ያህል አንዲት ጥያቄ ልጠይቅ፤ ከድልድዩ ጋር ጉዳይ አለዎት?»

«እንዴት የለኝም! በየቀኑ የምመላለስበት። መሐሉ ላይ ሳንቃው ረግፏል፤ ገመዱ እንደ አሮጌ መቀነት ላልቷል። ክረምቱ ሳይገባ ካልተጠገነ እኔ ከዚህ፣ ነፍሰ ጡሮቹ ከዚያ ሆነን እጅ ልንነሳሳ ነው። ይኸው ሰዉ እንዳይጠግነው ደግሞ ያለ ሸንጎ ፈቃድ ከጥብቁ ደን እንጨት የቆረጠ በእግር ብረት ይታሰራል ብላችኋል።»

«አይ እትዬ አልጣሽ!» ሞገሴ በርጩማውን መልሶ ከጋቢው ሥር ከተተው። «ምነው ይህን ባልነገሩኝ ኖሮ! ባለጉዳይ ነዎት እኮ።»

«እና ድልድይ ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ድልድይ ይፍረድ?»

«እሱ በንጹሕ ልብ ይፈርዳል።»

«በንጹሕ ልብ!» እትዬ አልጣሽ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ስንዱን ከእናቷ የተቀበልኳት በእነዚህ እጆች ነው። የስንዱን ልጅ ማን እንደሚቀበል እንግዲህ ንጹሖችህን ጠይቃቸው።» ይህን ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሞገሴ ነገሩ ከነከነው። ሆኖም ሕግ ሕግ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ሸንጎ ከተቀመጠ ድልድዩን መጠገኑ አይቀርም ብሎ ራሱን አጽናና። ወጥቶም ሰው ፍለጋ ጀመረ፤ ያገኘውም የሚያስቀና ሰው ነበር። ቸኮል ይባላል። ከተራራው አናት ላይ ብቻውን የሚኖር፣ የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ የሚጠጣ፣ ወደ ወንዙ አንድም ቀን ወርዶ የማያውቅ ሰው ነው። ከተራራው ወገብ ያለ ጎረቤቱ ሲሞት ለቅሶ መጣ። እንደ አገሩ ወግ ቆሞ አለቀሰ፣ ቆሞ ንፍሮ ቃመ፣ ቆሞ የሟችን ገድል ሰማ። የሟች ገድል ረጅም ነበር። ቸኮል አንድ ጊዜ ግራ እግሩን፣ አንድ ጊዜ ቀኝ እግሩን ሲያሳርፍ ቆይቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከኋላው የሆነ ነገር ነካ ሲያደርገው «እፎይ» ብሎ ተቀመጠ።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለ ሞገሴ።

ቸኮል ዘሎ ተነሳ፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ለቀስተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የሟች ሚስት ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ በኋላም «እሱ ራሱ ቢኖር ከኔ ይብስ ነበር» አለች።

የድልድዩ ሸንጎ በማግስቱ ተሰበሰበ። ሞገሴ እንደ ሥርዓቱ መሐል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ። «ጉዳይ ያለው አለ?»

«የለም!» አሉ አምስቱም ባንድ አፍ።

«እንግዲያው ተነጋገሩ።»

ተነጋገሩ። «ድልድዩ ተሰብሯል ይባላል» አለ አንደኛው። «ማነው ያለው?» አለ ሰብሳቢው። «የሚሻገሩበት ሰዎች ናቸው።» «እነሱማ ባለጉዳይ ናቸው፤ ቃላቸው አይሰማም። ባለጉዳይ ያልሆነ ሰው ተሰብሯል ያለ አለ?» ተፈለገ፤ የለም። ባለጉዳይ ያልሆነ ሰው ድልድዩን አይቶት አያውቅማ። ይህን ጊዜ ቸኮል እጁን አወጣ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ወንዙ በየት በኩል ነው?» አለ። ሰብሳቢው ከመገረሙ የተነሳ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጥያቄ በሸንጎው ታሪክ ተጠይቆ አያውቅም ሲል ተናገረ፤ ለቸኮልም አጨበጨቡለት። ከዚያም ገለልተኛ የሆነ ሰው እስካላማረረ ድረስ ድልድዩ ደኅና ነው፣ ጥያቄ ካለም ለመጪው ዓመት ይታያል ብለው በሙሉ ድምፅ ወስነው ተነሱ።

ሞገሴ ሲወጣ እትዬ አልጣሽ ደጅ ቆመው ጠበቁት። «እህ፣ ምን አሉ ንጹሖችህ?»

«ለመጪው ዓመት ይታያል አሉ።»

«ጥሩ ነው። እንግዲያው ስንዱን እስከ መጪው ዓመት አፍነሽ ቆዪ ብለህ ላክባት።»

የሚስቅ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያን ቀን ከሰዓት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሰው እንዳያውቀው እየተሽሎከለከ ወደ ወንዙ ወረደ። ድልድዩ ከሰማው የባሰ ነበር። ከሳንቃው የቀረው ጥቂት ነው፤ ያም ነፋስ ሲነካው ይንቋቋል። ከማዶ ሆና ስንዱ አየችው። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሌላው እያውለበለበች «አባዬ! መጣህልኝ እንዴ!» ብላ ጮኸች። ሞገሴ እጁን አወጣና ማውለብለቡን ረስቶ እንደያዘው ቆመ። ፈራ። ያቺን ልጅ ሊያጣት እንደሚችል፣ የሚያጣትም በገዛ እጁ አባብሎ ባስቀመጣቸው ሰዎች ምክንያት እንደሆነ ገባው።

ሕጉን አገላብጦ አሰበበት። አስቀማጭ ማስቀመጥ እንጂ ማንሳት አይችልም። የሸንጎን ውሳኔ የሚሽረው ያው ሸንጎው ብቻ ነው። ሞገሴ ግን ሰውን ወደሚፈልግበት ቦታ ማድረስ ያውቅበታል፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። በነጋታው አምስቱም ቤት እየዞረ እንዲህ አለ፦ «በአገራችን ታሪክ እንደናንተ ያለ ንጹሕ ሸንጎ ታይቶ ስለማይታወቅ አማቼ በክብራችሁ ሙክት ጥሎ ይጠብቃችኋል።» ምንም ነገር ጉዳያቸው ያልሆነ ሰዎች ሙክት ሲባል ግን ምራቃቸውን ዋጡ።

የአማቹ ቤት ማዶ መሆኑን ያወቁት ወንዙ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። የጥብሱ ሽታ ደግሞ ከማዶ ይመጣል። ቸኮል ወንዙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ «ይሄ ሁሉ ውኃ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀና ሳይመለስለት በአራት እግሩ ሆኖ ድልድዩን ዳኸበት። ሰብሳቢው መሐል ላይ ሲደርስ ከእግሩ ሥር አንድ ሳንቃ ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ያን ጊዜ ያወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከአንድ ሸንጎ ሰብሳቢ አፍ የሰማ ሰው የለም። ሞገሴ ከኋላቸው ሆኖ ቀዮቹን በርጩማዎች በጀርባው አዝሎ ተሻገረ። ለምን እንደያዛቸው የጠየቀው አልነበረም።

በሉ፣ ጠጡ፣ ዘፈኑም። ቀኑ ሲያዘነብል ግን ከተራራው በላይ ጥቁር ደመና ታየና ነጎድጓድ አጉረመረመ። ወደ ቤት እንሂድ ተባለ። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆኑ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ አንደኛው።

«ኧረ በፍጹም! በዕድሜ እርስዎ ይበልጣሉ።»

«በማዕረግ ደግሞ ሰብሳቢያችን ይበልጣሉ።»

«እኔ እንግዳ ሳይቀድም አልሄድም» አለ ሰብሳቢው፤ እንግዳው ማን እንደሆነ ግን አልገለጸም። እንዲህ ሲግደረደሩ የዝናቡ ጠብታ መውረድ ጀመረ። በመጨረሻ ቸኮል ትዕግሥቱ አለቀና «እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ድልድይ መጠገን አለበት እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ሞገሴ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። በርጩማዎቹን ወንዙ ዳር ደረደራቸው፤ አምስቱም በደከመ ጉልበት ሳይለመኑ ተቀመጡ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ያለ ጥያቄው ውሳኔ ውሳኔ አይሆንም፤ ጥያቄውም የሱ ነው። «ጉዳይ ያለው አለ?» አለ ሞገሴ።

አምስቱ ተያዩ። «እኔ አለኝ» አለ ቸኮል። «ቤቴ ወዲያ ነው። ድመቴም አልበላችም።» «እኔም አለኝ» አለ ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ፤ የቀሩትም ተከተሉ። በሕጉ መሠረት ሞገሴ አሁን «ተነሱ» ማለት አለበት። ከኋላው ስንዱ ወንዙ ዳር ባለው ቤቷ በር ተደግፋ ቆማለች፤ ቁርጠቱ ጀማምሯት እንደሆነ ለባሏ ብቻ በሹክሹክታ ስትነግረው ሰምቷል። ሞገሴ ዞሮ አያት።

«ሁላችሁም ጉዳይ ካላችሁ» አለ፣ «እንግዲያው ተቀመጡ።»

ያ ሸንጎ እንደዚያን ቀን አጭር ስብሰባ አድርጎ አያውቅም። ከጥብቁ ደን እንጨት እንዲቆረጥ ፈቀዱ፤ ገመድ እንዲገዛ ፈቀዱ፤ ደግሞ ያለ ማንም ጠያቂ መደገፊያ እንዲገባለት ጨመሩበት። ከወዲህም ከወዲያም ሕዝቡ መጥረቢያና ገመድ ይዞ ግር ብሎ ወጣ፤ የሚጠብቀው ፈቃዱን ብቻ ነበርና። ሸንጎውም በየሰው ቤት እያደረ ሳንቃ ተሸከመ። ቸኮል ምስማር መምታት ቻለበት፤ የመታው ሁሉ ትንሽ ጠመም ይላል እንጂ አይወልቅም። የስንዱም ቁርጠት የማስጠንቀቂያ ኖሮ ተመልሶ ተኛላት።

ወሬው ግን መናገሻው ከተማ ደረሰ። ባለጉዳዮች ለራሳቸው ወሰኑ ሲባል የተሰማበት ጊዜ አልነበረምና አንድ መርማሪ ተላከ። ይህ መርማሪ በገለልተኝነት አቻ የለውም ይባላል፤ ሚስት የለው፣ መሬት የለው፣ ከወጥ ይህን እወዳለሁ ብሎ እንኳ አያውቅም። የደረሰው ዝናቡ በወረደበት፣ ወንዙም ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ቀን ነው። ሕገ ወጡን ሳንቃ በዓይኔ ልይ ብሎ ድልድዩ ወገብ ላይ ቆሞ ሲመረምር ከማዶ የስንዱ ባል ጩኸት መጣ። «ምጥ ይዟታል! እትዬ አልጣሽ! ይድረሱልን!»

እትዬ አልጣሽ ጥቅላቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው እየሮጡ ደረሱ፤ ሞገሴ ከኋላቸው፣ ሕዝቡ ከሞገሴ ኋላ። መርማሪው ሁለት እጁን ዘረጋ። «ማንም አይሻገርም! ይህ ድልድይ የተወሰነው በባለጉዳዮች ነው። ነገሩ እስኪጣራ ዝግ ነው።»

«ልጄ፣ ምጥ እስኪጣራ ይጠብቃል እንዴ?» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«እሱ እኔን አይመለከተኝም።»

 ሞገሴ ቀስ ብሎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ እንደ ሹም ወደፊት ወጣ። «ጌታዬ፣ እኔ አስቀማጭ ነኝ፤ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ሥራዬ ነው። ከዚህ ድልድይ ጋር ጉዳይ አለዎት?»

«እኔ?» መርማሪው ሊስቅ ምንም አልቀረው። «እኔ ከምንም ነገር ጋር ጉዳይ የለኝም!»

«እንግዲያው ሳንቃው አሁን ቢነሳ ግድ የለዎትም።»

መርማሪው ወደ እግሩ ተመለከተ። ከሳንቃው ሥር ቡናማው ውኃ ዛፍ ከነሥሩ እየገነደሰ ይወርዳል። አንድ እግሩን አነሳ፤ የሚያሳርፍበት አጣና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። «አሁኑኑ?» አለ።

«አሁኑኑ። ሕገ ወጥ ከሆነ አንድ ደቂቃ መቆየት የለበትም።»

«ኧረ ቆይ! ቢያንስ እኔ እስክወርድ…»

«ባለጉዳይ ነዎታ!» አለ ሞገሴ፤ ድምፁ ወንዙን አልፎ ተሰማ። «ባለጉዳይ ደግሞ ስለዚህ ድልድይ መወሰን አይችልም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሕጉ ነው። ይለፉ፣ እትዬ አልጣሽ!»

ሕዝቡ ዝናቡ እየወረደበት በሳቅ ተንከተከተ። መርማሪው መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ጥግ ያዘ፤ እትዬ አልጣሽም «ተባረክ ልጄ» እያሉ በጎኑ አለፉ። ሞገሴ አለፈ፤ ሕዝቡም አለፈ። መሐል ላይ ብቻውን መቅረት የከበደው መርማሪም ሳያስበው ከሰዉ ጋር ማዶ ገባ።

የስንዱ ቤት ጠባብ ስለነበረ ሁሉም ከክዳኑ ሥር ተጠጋግቶ ጠበቀ።  ሞገሴ ግድግዳውን ተደግፎ የስንዱን ድምፅ በሰማ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከሞተች ሚስቱ ጋር በሆዱ ያወራ ነበር። ውኃው እየጮኸ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ቀኑም እየመሸ ሲሄድ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ወዲያው የእትዬ አልጣሽ እልልታ ተከተለ። «ደኅና ናት! እናትየውም ደኅና ናት!» ብለው ጮኹ። ሞገሴ እዚያው ሰው መሐል እንደ ልጅ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ፤ አላፈረምም።

ያን ጊዜ ከሁሉ ኋላ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ በስብሶ የቆመው መርማሪ አንገቱን አሰገገ። «ሴት ናት ማለት ነው?» አለ። «ክብደቷስ እንዴት ነው? ማንን ትመስላለች?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ሞገሴ እንባውን በጋቢው እየጠረገ «ጌታዬ፣ ጉዳይ አለዎት እንዴ?» አለው።

መርማሪው ጫማው ውስጥ የገባውን ውኃ ተመለከተ። «ትንሽ» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ አለኝ።»

ጠጋ ጠጋ ብለው ከክዳኑ ሥር ቦታ ለቀቁለት።